እመቤታችን ክፍለ ማርያምን ስለ አርባ ቀን ዕድሉ የጠየቀችው

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ተጠምቃችሁ ዛሬ በዚህ ዐውደ ምሕረት የተሰበሰባችሁ ምእመናን፥ ጆሮአችሁን አዘንብሉ፤ አምላክን የወለደች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በሐይቅ ዳር ለሚኖር ለአንድ ታንኳ ቀዛፊ ያደረገችውን ተአምር እንነግራችኋለን። ጸሎቷና አማላጅነቷ ከሚያነበው ጋር፥ ከሚሰማውም ጋር፥ በደጅ ቆሞ ለመግባት ከሚያፍረውም ጋር ይሁን፤ አሜን።

የዚህ ሰው ስሙ ክፍለ ማርያም ይባል ነበር። ደንገል ከሚባል የሐይቅ ቄጠማ የተሠራች ታንኳ ነበረችውና ከወዲህ ዳር የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ወዳለባት ደሴት ሰው እያሻገረ ይኖር ነበር። እመቤታችንንም ከልቡ ይወዳት ነበር። ጧት ጧት ፊቱን ታጥቦ፥ ወደ ደሴቷ ዞሮ ሰላምታዋን ሳያደርስ መቅዘፊያውን ውኃ አያስነካም፤ በስሟ ለምኖ አሻግረኝ ያለውንም ሰው፥ ድኻ ቢሆን ባለጸጋ፥ ዋጋ ሳይቀበል ያሻግረው ነበር። ይህንም ለእመቤታችን የተሳለውን ስእለት ከጕልማሳነቱ ጀምሮ እስከ ሽበቱ አላጓደለም። በክረምት ሐይቁ ሲናወጥ ሌሎቹ ቀዛፊዎች ታንኳቸውን ደረቅ ላይ አውጥተው ሲተኙ እንኳ እርሱ በስሟ ለጠራው ሰው ይወጣ ነበርና የአገሩ ሰው "የእመቤቴ አሽከር" ይለው ነበር።

ነገር ግን ቁጡ ነበር፥ እጁም ከአፉ ይቀድም ነበር። ቁጡ ሰው በየአገሩ አለ፤ ተቆጥቶም ሲበርድለት አንገቱን ደፍቶ ይቅር በሉኝ ይላል፥ ሰውም ይቅር ይለዋል፥ ኑሮም ይቀጥላል። ክፍለ ማርያም ግን ይህን ቃል ብሎት አያውቅም ነበር። ለምን እንደ ሆነ ስሙ።

በተወለደ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሊነሣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በተወሰደ ጊዜ፥ አንድ ኮከብ ቆጣሪ በቅጽሩ በር ተቀምጦ ነበርና አያቱ የሕፃኑን ኮከብ ቍጠርልኝ አለችው። እርሱም የልጁንና የእናቱን ስም ይዞ ቈጠረ፥ በዐሥራ ሁለትም እየገደፈ የቀረውን ይዞ "የዚህ ልጅ ኮከቡ እሳት ነው፤ እጁ አይገታም፥ በገዛ ወገኑም ላይ ደም ያፈሳል" አላት። አያቲቱም ቃሉን እንደ ወንጌል ይዛ ለእናቱ ነገረቻት፥ እናቱም ለጎረቤት ነገረች። ልጁ ገና ድክ ድክ ሲል የሰው ልጅ ቢነክስ "ምን ያድርግ፥ ተጽፎበት ነው" አሉ። አድጎ ባልንጀራውን ቢፈነክት "የአርባ ቀን ዕድሉ ነው" አሉና የተፈነከተውን አባብለው ወደ ቤቱ ሰደዱት። እጁን ይዞ ተው ያለው ሰው አልነበረም። እርሱም ቤተ ሰቡ ሁሉ ያመነውን እንዴት አድርጎ ይካድ፤ አመነው።

የክርስትና አባቱ አያ ዘኢያሱ ብቻ ሌላ ነገር ይለው ነበር። ይህ ሽማግሌ በየዓመቱ ልጁ ክርስትና በተነሣበት ቀን እየመጣ፥ "ልጄ፥ ያን ቀን እኔ ስለ አንተ መልሼአለሁ፤ ከእንግዲህ መላሹ አንተ ነህ" ይለው ነበር። ክፍለ ማርያም ግን ነገሩ አልገባውምና እርጅና ነው ብሎ ይሥቅበት ነበር። አያ ዘኢያሱም ይህን እያለ፥ የሚሰማውም ሳያገኝ፥ ሞተ።

ከዚያም ክፍለ ማርያም ወለተ ሐና የምትባል ሴት አገባና ተድላ የሚባል አንድ ልጅ ወለደ። ወለተ ሐና ነገር የማታበዛ ሴት ነበረች፤ የባሏ ፊት ሲጠቁር ባየች ጊዜ ልጇን ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣ ነበር። ተድላም ሲጎረምስ የአባቱን ሙያ ተማረና ታንኳዋን ማታ ማታ ከውኃ የሚያወጣት እርሱ ሆነ። የደንገል ታንኳ፥ ላላያችሁት እንንገራችሁ፥ ማታ ከውኃ ወጥታ ቆማ ካልደረቀች ውኃ ትጠጣለች፤ ውኃ የጠጣችም ትከብዳለች፥ ትበሰብሳለችም።

አንድ ቀን ታዲያ ተድላ ሠርግ ቤት ዋለና ታንኳዋን ሳያወጣት ቀረ። ክፍለ ማርያምም ጧት ወርዶ ባያት ጊዜ እስከ አፏ ሰጥማ አገኛት። ያን ዕለት ሰላምታውን እንኳ አላደረሰም። መቅዘፊያውን እንደ ያዘ ወደ ቤቱ ወጣና ልጁን በደጅ አገኘውና መታው። መቅዘፊያው ቀርቀሃ ነበር፥ ጫፉም ተሰንጥቆ ነበርና ስንጣሪው የልጁን ቀኝ ዓይን ወጋው።

ተድላ ወደቀ፤ እናቱም ጮኻ መጥታ ደሙን በነጠላዋ ታብስ ጀመር። የክፍለ ማርያምም ልብ ሊሰበር ጥቂት ቀርቶት ነበር። ወገኖቼ፥ ያን ጊዜ ቢያለቅስ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተጻፈ ነበር። እርሱ ግን የአያቱ ቃል ትዝ አለውና እንባውን ዋጠው፤ "እኔ ምን ላድርግ፤ የአርባ ቀን ዕድሌ ነው። ያንተም ዓይን የተጻፈባት ይኸው ነበር" አለው። ተድላ ኋላ ለሰዎች እንደ ነገራቸው፥ ምቱን ይቅር ማለት ይችል ነበር፤ ይህን ቃል ግን አልቻለም።

ሽማግሎችም ተሰብስበው በአገሩ ሥርዓት ድንጋይ እንዲሸከም ለመኑት። በዚያ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ላይ አኑሮ በበደለው ሰው ፊት ይቆማል፤ የተበደለውም "ይቅር ለእግዚአብሔር፥ ጣለው" እስኪለው ድረስ አያወርደውም። ክፍለ ማርያም እምቢ አለ። ትዕቢት እንዳይመስላችሁ፤ እርሱስ እውነት የተናገረ መስሎት ነበር። ያላደረግሁትን አደረግሁ ብዬ በሐሰት ድንጋይ አልሸከምም፥ የጻፈብኝ ይጠየቅ አላቸው። እነርሱም ይህን ሲሰሙ አማትበው ተነሥተው ሄዱ።

የንስሐ አባቱም በጠየቁት ጊዜ የሻረውን ጾም ተናዘዘ፥ ያማውን ሰው ተናዘዘ፤ ስለ ልጁ ዓይን ግን አልተናዘዘም። ካህኑም ነገሩን ሰምተው ነበርና ራሳቸው አነሡበት። እርሱም እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ ያውቅ የለምን፥ ካወቀስ እኔ ከእውቀቱ ወዴት እወጣለሁ ብሎ ተከራከራቸው። ካህኑም ወደ ሐይቁ እያሳዩት፥ "ልጄ፥ እኔ ከዚህ ከኮረብታው ሆኜ ታንኳህ ስትመጣ ከሩቅ አያታለሁ። ስላየኋት ግን እኔ አልቀዘፍኋትም፤ የቀዘፍሃት አንተ ነህ" አሉት። የክፍለ ማርያም ልብ ግን አልተመለሰም። ጧት ጧትም እንደ ልማዱ ወደ ደሴቷ ዞሮ ሰላምታዋን ያደርስ ነበር። እመቤታችንም ትሰማው ነበር፤ ምን ያህል እንዳዘነችበት ግን ማን ያውቃል።

ተድላም ቁስሉ በደረቀ ጊዜ እናቱን ተሰናብቶ በእግሩ ሐይቁን ዞረና በማዶው አገር ተቀመጠ፥ በዚያም ቀዛፊ ሆነ። ወለተ ሐና ባሏን አልተወችውም፥ አልሰደበችውምም። እራቱን ታቀርብለታለች፥ እግሩን ታጥበዋለች፥ ከዚያም "አጠፋሁ ይበሉ እንጂ፤ ሌላ ምን ጠየቅሁዎ" ትለዋለች። እንዲህ ሆነው ብዙ ዓመት ኖሩና በአንድ ዐቢይ ጾም ታማ ሞተች። የምትፈልገውን ቃል ሳይላት ሞተች። ተድላም መርዶው ዘግይቶ ስለ ደረሰው ለቀብሯ አልደረሰም።

ከዚያም ወራት አልፈው ፍልሰታ ተፈታና የእመቤታችን የዕርገቷ በዓል ደረሰ፤ ሕዝቡም ከየዳሩ ወደ ደሴቷ ይሻገር ጀመር። ክፍለ ማርያም አርጅቶ ጕልበቱ ደክሞ ነበር፥ ነገር ግን አንዲት ባልቴት ለመቅደስ ያመጣችውን ጧፍ ይዛ በእመቤታችን ስም ብትለምነው እምቢ ማለት አልሆነለትምና ጫናት። የደሴቷ መግቢያ በሁለት ቋጥኝ መካከል ያለች ጠባብ በር ናት፤ አንዲቱ ታንኳ እስክትገባ ሌላዋ ትቆያለች። እርሱም በበሩ ላይ ሳለ ሌላ ታንኳ ሳትቆይ ከግራው በኩል መጥታ ገጨችው፤ ታንኳውም አዘነበለችና ባልቴቲቱ ከነጧፏ ውኃ ውስጥ ገባች። በዳር የነበሩ ሰዎች ሴትዮዋን ጎትተው አወጧት፥ ጧፉን ግን ውኃ ወሰደው።

ክፍለ ማርያምም ተቆጣና ዘሎ ቆመ፥ መቅዘፊያውንም በሁለት እጁ አነሣ። ያን ጊዜ የገጨው ቀዛፊ ምን እንደ መታ ለማየት አንገቱን እስከ ትከሻው አዞረ፤ ቀኝ ዓይኑ የጠፋ ነበር። ክፍለ ማርያም ልጁን ዐወቀው። ልጁ ታንኳውን ሳያይ የገጨውም እርሱ ራሱ ባጠፋው ዓይን በኩል ስለ ነበረ እንደ ሆነ ወዲያው ገባው።

ቁጣው ግን አልበረደም። ይልቅስ የአያቱ ቃል መጣበትና፥ "ይኸው ቀኑ ደረሰ፤ በገዛ ወገኑ ላይ ደም ያፈሳል የተባለው ዛሬ ነው፥ ማንስ ያስቀረዋል" አለ በልቡ። ክንዱም የሌላ ሰው ክንድ መስሎ ታየው። ተድላም አባቱን አየ፤ አልሸሸም፥ የራሱንም መቅዘፊያ አላነሣም። የቀረችውን ዓይኑን ጨፈነ።

ክፍለ ማርያም ልጁ ዓይኑን ሲጨፍን ባየ ጊዜ በልቡ "እመቤቴ ሆይ፥ እኔ አልችልምና እጄን ያዢልኝ" ብሎ ጮኸ። እመቤታችንም ብርሃን ተጐናጽፋ በቋጥኙ ላይ ቆማ ታየችው፤ ፊቷ ግን ልጇ የታመመባት እናት ፊት ነበር።

"አልይዘውም" አለችው። "ልጄ ለሰው የሰጠውን ፈቃድ እኔ አልነሣም። ይልቅ ና፥ ተጻፈብኝ የምትለውን አሳየኝ።"

ወዲያውም ሐይቁ ከፊቱ ጠፋና ራሱን ክርስትና በተነሣበት ቤተ ክርስቲያን ደጅ አገኘው። በቅጽሩ በር ያ ኮከብ ቆጣሪ ተቀምጦ ነበር፤ አያቱ ጐንበስ ብላ ስታዳምጠው፥ እርሱም ጣቱን እያጠፈ እሳት ነው፥ አይገታም ሲላት ሰማ። በዚያችው ሰዓት በውስጥ ካህኑ በጥምቀቱ ውኃ አጠገብ ቆመው ነበር። አያ ዘኢያሱም፥ ገና ጠጕሩ ጥቁር ሆኖ፥ ሕፃኑን ታቅፎ ነበር። ካህኑ ሕፃኑን ወደ ምዕራብ አዙረው ሰይጣንን ትክዳለህን ብለው ጠየቁት፤ አያ ዘኢያሱም ያችን ትንሽ ግራ እጅ ይዞ አነሣና እክዳለሁ አለ። ወደ ምሥራቅም አዙረው ታምናለህን አሉት፤ ያችን ቀኝ እጅ አነሣና አምናለሁ አለ። ከዚያም ተጠመቀ፥ ሜሮን ተቀባ፥ ማዕተብም በአንገቱ ታሰረለት።

"ግንባሩን እይ፥ ምን ተጽፎበታል" አለችው እመቤታችን።

ክፍለ ማርያምም ቀርቦ የገዛ ራሱን የሕፃንነት ግንባር አየ፤ ከሜሮኑ ቅባት በቀር ምንም አልነበረበትም። ምንም የለም እመቤቴ አላት።

"በዚያች ቀን ተጠየቅህ እንጂ አልተፈረደብህም" አለችው። "በበሩ ላይ የተባለውን ዕድሜህን ሙሉ ሰማህ፥ በውስጥ የተባለውን አልሰማህም። ስለ አንተ የመለሰልህ ሰው ሞቷል። አሁን ማን ይመልስልህ?"

ከዚያም ቋጥኙና ውኃው ተመለሱ፥ መቅዘፊያውም እንደ ተነሣ ነበር። ክፍለ ማርያም እጁን የያዘው ይኖር እንደ ሆነ ቀና ብሎ አየ፤ ማንም አልነበረም። መቅዘፊያው ከበደው፥ ቁጣውም በደረቱ ውስጥ እንደ ነደደ ነበር፥ እርሱ ግን ቀስ አድርጎ አወረደውና በታንኳው ውስጥ አኖረው። ባኖረውም ጊዜ አንድ ነገር ገባው፥ ከሞትም መረረው። ዛሬ ማውረድ ከቻለ ያን ጊዜም ይችል ነበር። ያን ጧት በቤቱ ደጅ፥ ልጁ ሁለት ዓይን ሳለው፥ ይችል ነበር። ይህን ባወቀ ጊዜ በታንኳው ውስጥ ተንበርክኮ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

በዳር የነበረው ሕዝብ ያየው አንድ ሽማግሌ መቅዘፊያ አንሥቶ ጥቂት ቆይቶ ሲያወርደው ብቻ ነው። አንዳንዱም ፈርቶ ተወው ብሎ ሣቀ። ወገኖቼ፥ ሐይቅ ሲከፈል ካላያችሁ ተአምር የማይመስላችሁ ሰዎች እንዳላችሁ እናውቃለን፤ እስቲ ተቆጥታችሁ ያነሣችሁትን እጅ አውርዱና ያን ጊዜ ኑና ንገሩን።

ክፍለ ማርያምም ወደ ዳር ወጥቶ ከውኃው አፍ ድንጋይ አነሣና በአንገቱ ላይ አኖረው፥ በሕዝቡም ሁሉ ፊት ከልጁ ፊት ቆመ። "አጠፋሁ" አለ። "የመታሁህ እኔ ነኝ። ኮከቤ አይደለም፥ የጻፈብኝም የለም። ይቅር በለኝ።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ተድላም አልረሳም ነበርና የጠፋች ዓይኑን በእጁ ዳሰሰ። ከዚያም ተድላ አንገቱን ደፋና፥ "ይቅር ለእግዚአብሔር። ይጣሉት፥ አባቴ" አለ። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሽማግሌው ድንጋዩን እንደ ተሸከመ አዩት። "አንተስ ይቅር አልኸኝ" አለው ልጁን፤ "እናትህ ቀረች።"

ተድላም ታንኳውን አቀረበለት። አባትየው ድንጋዩን ከአንገቱ ሳያወርድ በልጁ ታንኳ ተቀመጠና ተድላ ቀዘፈ። ሐይቁ በተሻጋሪ ታንኳ ተሞልቶ ነበርና ክፍለ ማርያም በልጁ ቀኝ በኩል ተቀምጦ፥ በቀኝህ አንዲት ታንኳ አለች፥ ቆይ፥ አሁን አለፈች እያለ ይነግረው ነበር። እንዲህ እያሉ እስከ ቤታቸው ዳር ደረሱ።

ወደ ወለተ ሐና መቃብርም በደረሱ ጊዜ ክፍለ ማርያም በራስጌዋ ቆመና "አጠፋሁ" አላት። ይህን ቃል ለመስማት ስንት ዘመን ጠብቃ ነበር። ነፋሱም፥ ወፉም፥ ሁሉም እንደ ነበረ ነበር፤ ጣለው የሚል ድምፅ ግን አልመጣም። ተድላ ሊያወርድለት ቢጠጋ፥ ያንተ ድርሻ ወርዷል፥ ይህ የእርሷ ነው ብሎ ከለከለው። ወደ እመቤታችንም ጸልዮ፥ በእርሷ ፈንታ አንቺ ጣለው በዪኝ ብሎ ለመነ። እመቤታችንም ዝም አለች። ምናልባት የሟችን ቃል ከአፏ ነጥቃ መናገር አልወደደች ይሆናል፤ እኛ ይህን መርምረን አንደርስበትም። ፀሐይ ስትጠልቅ ተንገዳገደ፥ ያን ጊዜ ልጁ ድንጋዩን በሁለት እጁ ተቀብሎ በመቃብሩ ራስጌ አኖረው።

ከዚያም ተድላ ወደ አባቱ ቤት ተመለሰ፥ አንድ ላይም ቀዘፉ። ክፍለ ማርያም ለእመቤታችን ምስጋና እያቀረበ ኖረ፤ ስእለቱንም አላጓደለም፥ እጁንም በሰው ላይ አላነሣም። ቁጣው ግን ጠፋ አንልም፤ ይመጣበት ነበር፥ እርሱም በየጊዜው ይመልሰው ነበር። ሕፃን ለክርስትና ሲመጣም በቅጽሩ በር ቆሞ፥ እናቶችን ወደ ውስጥ ግቡና ልጃችሁ የሚጠየቀውን ስሙ ይላቸው ነበር። በየዓመቱም በዕርገቷ በዓል ያን ድንጋይ ከራስጌዋ አንሥቶ እስከ ማታ ይሸከመው ነበር፥ ማታም ልጁ መጥቶ ያወርድለት ነበር። በዕረፍቱም ቀን እመቤታችን ነፍሱን ተቀበለች ብለን እናምናለን።

ስለ ተድላ ዓይን የሚጠይቅ አለ። አንዳንዶች በራች ብለው ይተርካሉ፤ እኛ ግን ያልሆነውን አንነግራችሁም። አልበራችም።

እንግዲህ ይህን የሰማችሁ ሁሉ፥ ከናንተ መካከል በአርባ ቀኑ ወይም በሰማንያ ቀኑ ያልተጠየቀ የለም። እመቤታችን እጃችሁን ስታነሡ ታስባችሁ፥ ስታወርዱም አትለያችሁ፤ ድንጋያችሁን ሳትሸከሙ አትሙቱ፥ ጣለው የሚላችሁም ሰው በሕይወት ሳለ ይድረስላችሁ። ምሕረቷና በረከቷ ለዘለዓለሙ በሁላችን ላይ ይደር፤ አሜን።